ቤይሊፍ በር ሲያንኳኳ፦ የካውንስል ታክስ ዕዳ ያለበት ሰው ምን ያድርግ?

እኛ ዘንድ እንግዳ ደጅ ላይ አይቆምም። በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ሳናጣራ "ግቡ፣ ግቡ" የምንል ሰዎች ነን። እንግሊዝ አገር ግን ይህች መልካም ልማድ ወገኖቻችንን ዋጋ ስታስከፍል አይቻለሁ። አንዲት የማውቃት እናት፣ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ አሳዘናትና አስገባችው። ሻይ አቀረበችለት። ሲወጣ ቴሌቪዥኗና ሶፋዋ ወረቀት ላይ ተመዝግበው፣ እሷም ከሥሩ ፈርማ ነበር። ሰውየው ያልተከፈለ ካውንስል ታክስ፣ ማለትም ለአካባቢው አስተዳደር (ለካውንስሉ) የሚከፈል የቤት ግብር፣ ሊያስከፍል የመጣ ቤይሊፍ፣ ዕዳ አስከፋይ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ እሷ ላሉ ነው። የምነግራችሁም በእንግሊዝና በዌልስ ያለውን አሠራር ነው። ስኮትላንድ ሕጉም ሰዎቹም ይለያሉ። እዚያ ሸሪፍ ኦፊሰር ይባላሉ፤ እዚያ የምትኖሩ ምክሩን ከዚያው ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ በሩን አትክፈቱ፣ ፖስታውን ግን ክፈቱ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግልባጩን ነው።

1. ፖስታውን በመጣበት ቀን ክፈቱ

ካውንስል ታክስ በተለምዶ ከኤፕሪል እስከ ጃንዋሪ በ10 ወር ተከፋፍሎ ይከፈላል። በ12 ወር ይሁንልኝ ብሎ መጠየቅም ይቻላል። አንድ ክፍያ ካመለጣችሁ የማስታወሻ ደብዳቤ ይመጣል። በ7 ቀን ውስጥ ያመለጠውን ከከፈላችሁ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካልከፈላችሁ ግን ሌላ 7 ቀን ቆይቶ በየወሩ የመክፈል መብታችሁ ይቀራል። የዓመቱ ቀሪ ሒሳብ ባንዴ ይጠየቃል።

ከዚያ የማጅስትሬት ፍርድ ቤት መጥሪያ ይከተላል። የመጥሪያው ወጪም ዕዳው ላይ ይደመራል። ፍርድ ቤቱ ላያቢሊቲ ኦርደር የሚባለውን፣ ዕዳው እንዳለባችሁ የሚያረጋግጠውን ትእዛዝ ከሰጠ በኋላ ካውንስሉ ከደሞዛችሁ ወይም ዩኒቨርሳል ክሬዲት ከሚባለው የመንግሥት ድጎማችሁ ማስቆረጥ ይችላል። ቤይሊፍም መላክ ይችላል።

ብዙዎቻችን "እቁቤ ሲደርሰኝ ባንዴ እዘጋዋለሁ" እያልን እንጠብቃለን። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ካውንስሉ ግን አያውቀውም። ዛሬ ደውላችሁ "በሳምንት ይህን ያህል እችላለሁ" ብትሉ ይሻላል። መጥሪያ ሳይመጣ የምትደውሏት አንዲት ስልክ በኋላ ከሚደረገው ሁሉ ትበልጣለች።

2. ዕዳው በእርግጥ የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ

ደብዳቤው ላይ ያለውን ስም፣ አድራሻና ዓመት እዩ። ከእናንተ በፊት የነበረ ተከራይ ዕዳ ከሆነ፣ የገባችሁበትን ቀን የሚያሳየውን የኪራይ ውል ኮፒ ለካውንስሉም ለቤይሊፍ ድርጅቱም ላኩ። ኩሽናና መታጠቢያ በጋራ በሚጠቀሙበት ቤት ውስጥ ለየክፍላችሁ ለየብቻ ኪራይ የምትከፍሉ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ታክሱ የአከራዩ ነው። ባልና ሚስት ወይም በአንድ ውል የተከራዩ ጓደኞች ግን እያንዳንዳቸው ለሙሉው ዕዳ ተጠያቂ ናቸው። አንዱ ሸሽቶ ቢሄድ ሁሉም ነገር ቤት በቀረው ላይ ይወድቃል።

ቅናሽም አለ። ብቻውን የሚኖር አዋቂ 25 በመቶ ይቀነስለታል። ነዋሪዎቹ በሙሉ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ከሆኑ ቤቱ አይከፍልም። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ካውንስል ታክስ ሪዳክሽን መጠየቅ ይችላል። እዚህ ላይ ቪዛ ላይ ያላችሁ ተጠንቀቁ። ሪዳክሽኑ ከመንግሥት ድጎማ ስለሚቆጠር፣ ቪዛችሁ ላይ ድጎማ መውሰድ ከተከለከለ ሳትማከሩ አታመልክቱ። ለብቻ ነዋሪ የሚሰጠው 25 በመቶ ግን ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ጨርሶ ያቃተው ሰው ደግሞ "ሴክሽን 13ኤ" ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ካውንስሉ ዕዳን የመቀነስ ሥልጣን የሚያገኘው ከዚህ አንቀጽ ነው።

3. የቤይሊፉ የመጀመሪያ ደብዳቤ ሲመጣ ጊዜ አትፍጁ

ቤይሊፍ ዝም ብሎ አይመጣም። መጀመሪያ ኖቲስ ኦቭ ኢንፎርስመንት የሚባል ማስጠንቀቂያ ይልካል። ከዚያ በኋላ ቢያንስ 7 ሙሉ ቀን መጠበቅ አለበት። እሑድና የባንክ በዓል አይቆጠሩም።

እነዚያ ቀናት ወርቅ ናቸው። ምክንያቱ ክፍያው ነው። ደንቡ በፈረንጆቹ 2014 ሲወጣ ለደብዳቤው ደረጃ 75 ፓውንድ፣ ለጉብኝቱ ደግሞ ተጨማሪ 235 ፓውንድ አስቀመጠ። ከ1,500 ፓውንድ በላይ ባለው ዕዳ ላይም 7.5 በመቶ ይጨመራል። በዚህ ስሌት 400 ፓውንድ የነበረ ዕዳ፣ ሰውየው ደጃፋችሁን በረገጠ ቅጽበት 710 ይሆናል። በር ባትከፍቱም ይታሰባል። ዛሬ የሚጠየቀውን መጠን ከደብዳቤያችሁ ላይ አንብቡ። የጉብኝቱ ክፍያ ለአንድ ዕዳ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚታሰብም እወቁ። ሦስት ጊዜ መጥቼ ነበርና ሦስት ጊዜ ክፈል የሚል ሰው ከሕግ ውጭ ነው።

ስለዚህ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ድርጅቱን በኢሜይል አግኙና የክፍያ ዕቅድ አቅርቡ። ገቢና ወጪያችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ኪራይ፣ መብራት፣ ምግብ፣ የልጆች ትራንስፖርት። አገር ቤት የምትልኩትንም ከአማካሪያችሁ አትደብቁ። የማትችሉትን ቃል አትግቡ። በወር 30 የሚችል ሰው አፍሮ 100 ካለ፣ ሁለተኛው ወር ላይ ይሰበራል፤ ቤይሊፉም ይመለሳል።

4. ነፃ አማካሪ ያዙ፣ 60 ቀንም ጠይቁ

ናሽናል ዴትላይን፣ ስቴፕቼንጅና ሲቲዝንስ አድቫይስ በነፃ ያማክራሉ። የናሽናል ዴትላይን ስልክ 0808 808 4000 ነው። ገንዘብ ከሚያስከፍላችሁ "የዕዳ ድርጅት" ራቁ።

አማካሪውን ስለ ብሪዚንግ ስፔስ ጠይቁት። ከሜይ 2021 ጀምሮ የሚሠራ ሕጋዊ የዕፎይታ ጊዜ ነው። በአማካሪ በኩል ከተመዘገባችሁ ለ60 ቀን ቤይሊፉ መምጣት አይችልም፤ የካውንስል ታክስ ዕዳንም ይሸፍናል። በከባድ የአእምሮ ሕመም ቀውስ ሕክምና ላይ ላለ ሰው ደግሞ ሕክምናው እስኪያበቃና ከዚያም 30 ቀን ድረስ የሚቆይ ሌላ ዓይነት አለ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። እባካችሁ ዝም አትበሉ።

5. ደጅ ላይ ሲደርስ

ቤይሊፍ ሊመጣ የሚችለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ለካውንስል ታክስ ብሎ በመጀመሪያ ጉብኝቱ በር ሰብሮ መግባት አይችልም። ገፍትሮ ማለፍ፣ በመስኮት መግባት፣ እግሩን በሩ መሃል መሰካት አይፈቀድለትም። ቁልፍ ሠሪ አመጣለሁ ቢላችሁ፣ ገና ቤታችሁ ገብቶ ለማያውቅ ሰው ለዚህ ዕዳ አይሠራለትም። ፖሊስ አብሮት ቢመጣ ጠብ እንዳይነሳ ለመጠበቅ እንጂ በር ሊያስከፍት አይደለም።

ያልተቆለፈ በር ግን ገፋ አድርጎ መግባት ይችላል። ስለዚህ የፊቱንም የጓሮውንም ቆልፉ። ለልጆቻችሁም ንገሩ። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን ባለበት ቤት መግባት አይችልም፤ ልጁ ግን ደንግጦ በር እንዳይከፍት አስቀድሞ ይወቅ።

በበሩ ውስጥ ሆናችሁ፣ ወይም ከፎቅ መስኮት፣ ተረጋግታችሁ ተናገሩ። እንግሊዝኛው ለሚከብዳችሁ ይህን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በሩ ጀርባ ለጥፉት፦ "አይ ዊል ኖት ኦፕን ዘ ዶር። ፕሊስ ፑት ዩር አይዲ ስሩ ዘ ሌተርቦክስ። አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር።" በሩን አልከፍትም፣ መታወቂያህን በፖስታ ቀዳዳ አስገባ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ስሙን ይዛችሁ፣ ፈቃድ ያላቸው ቤይሊፎች በተመዘገቡበት የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት።

አስተርጓሚ መጠየቅ ተራ ነገር አይምሰላችሁ። በ2014 የወጣው የቤይሊፎች ብሔራዊ ደረጃ፣ እንግሊዝኛ መረዳት ወይም መናገር በግልጽ የሚቸግረውን ሰው ልዩ ጥንቃቄ ሊያስፈልጋቸው ከሚችሉ ሰዎች ውስጥ ቆጥሮታል። አረጋውያን፣ ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡሮችና ልጅ ለብቻቸው የሚያሳድጉም እዚያው አሉ። ከእነዚህ አንዱ ከሆናችሁ ለካውንስሉና ለድርጅቱ በጽሑፍ "ቫልነረብል ነኝ" (ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገኛል) በሉ፤ ዕዳውን ከቤይሊፍ እንዲመልሱትም ጠይቁ። ምክር የማግኘት በቂ ዕድል ሳይሰጣችሁ ዕቃ ከተወሰደ፣ የጉብኝቱን ክፍያ መሞገት ትችላላችሁ።

ምንም አትፈርሙ። ያቺ እናት የፈረመችው የዕቃ ማስያዣ ውል ነው። ዕቃው ቤት ይቀመጣል፤ ክፍያ ከተቋረጠ ግን ቤይሊፉ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ተመልሶ በኃይል መግባት ይችላል። አንዴ በሰላም የገባ ሰው ለሁለተኛው ጊዜ ሌላ መብት ይዞ ነው የሚመጣው። ፈርማችሁ ከሆነ ክፍያውን አታቋርጡ፤ ከከበዳችሁም ሳይሰበር አማካሪ ጋ ደውሉ።

6. ምን መውሰድ ይችላል፣ ምን አይችልም

አልባሳት፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና ማጠቢያ ማሽን አይነኩም። ለቤተሰቡ የሚበቃ ጠረጴዛና ወንበርም እንዲሁ። የሥራ መሣሪያ በድምሩ እስከ 1,350 ፓውንድ ድረስ የተጠበቀ ነው። የሌላ ሰው ንብረትም አይወሰድም፤ የልጃችሁ ላፕቶፕ ከሆነ በስሙ የተገዛበትን ደረሰኝ አዘጋጁ።

መኪና ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ ከወንድሞቻችን ብዙዎቹ ታክሲና ኡበር ላይ ናቸውና። ቤይሊፍ ቤት መግባት ሲያቅተው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ደጅ የቆመችው መኪና ላይ ነው። ጎማዋን ይቆልፋል፤ ከዚያ ቢያንስ 2 ሰዓት ጠብቆ ሊወስዳት ይችላል። "የእንጀራዬ መሣሪያ ናት" ማለት የሚያድነው ዋጋዋ ከ1,350 ካላለፈ ነው፤ አሁን የሚሠራባቸው መኪኖች ደግሞ አብዛኞቹ ከዚያ ይበልጣሉ። ገና ክፍያዋ ያላለቀ የፋይናንስ መኪና ከሆነች ንብረትነቷ የፋይናንስ ድርጅቱ ነውና ውሉን ኮፒ አድርጋችሁ ወዲያው ላኩ። የአካል ጉዳተኛ ብሉ ባጅ ያላትም የተጠበቀች ናት። ከዚህ ውጭ ላለው ሰው ምክሬ ግልጽ ነው። ማስጠንቀቂያው ከደረሰ ቀን ጀምሮ መኪናችሁን ከቤታችሁ ራቅ አድርጋችሁ፣ ቢቻል የተቆለፈ ጋራዥ ውስጥ አቁሙ።

7. ከተበደላችሁ በጽሑፍ አቤት በሉ

የመጣበትን ሰዓት፣ የተናገረውን፣ የተጨመረውን ገንዘብ ያኔውኑ ጻፉ። በስልክ መቅረጽም ይረዳል። አቤቱታውን ለቤይሊፍ ድርጅቱና ለካውንስሉ ላኩ፤ ቤይሊፉን የላከው ካውንስሉ ነውና "እኛን አይመለከትም" ማለት አይችልም። መልሱ ካላረካችሁ እንግሊዝ ውስጥ የአካባቢ መንግሥትና ማኅበራዊ እንክብካቤ እንባ ጠባቂ አለ፣ ዌልስም የራሱ እንባ ጠባቂ አለው። ሁለቱም አያስከፍሉም።

መጥሪያው ጭራሽ ሳይደርሳችሁ ትእዛዝ የወጣባችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ላያቢሊቲ ኦርደሩ እንዲሰረዝ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። ይህን ለብቻችሁ አትሞክሩት። ደብዳቤዎቹን በሙሉ በቀን ቅደም ተከተል አስይዛችሁ፣ የድሮ አድራሻችሁን መረጃ ጨምራችሁ፣ አማካሪው ፊት አስቀምጡት።