በስሜን ተራሮች ብርድ ፎቶ ማንሣት፦ ባትሪው ይሙቅ፣ ካሜራው ይቀዝቅዝ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በርና በግጭ አድርጎ ጨነቅ የሚያድር መንገደኛ ድንኳኑን የሚተክለው ከባሕር ወለል በላይ 3,620 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለፎቶ የሚመረጠው ሰማዩ ጥርት የሚልበት የበጋው ወቅት ቢሆንም፣ ደመና በሌለበት ሌሊት የቀኑ ሙቀት ቶሎ ስለሚበን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ጓሳው ውርጭ መትቶት ነጥቶ ይገኛል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ካሜራውን ከነባትሪዎቹ በቦርሳ አድርጌ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አሳደርሁት፤ ሲነጋም ማታ ሙሉ የነበረው ባትሪ ሁለት ፎቶ አንሥቶ ቀይ ምልክት አሳየኝ። በማግስቱ ደግሞ ከንጋቱ ብርድ መልስ ሻይ ወደሚፈላበት ጎጆ ካሜራውን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልሁ ገባሁ። ሌንሱ ወዲያው በላብ ተሸፈነ፤ በሻርፕ ጠርጌው ብወጣ የቀረው እርጥበት መስተዋቱ ላይ በረዶ ሠራ። ሁለቱም ጥፋቶች የመጡት ካሜራውንና ባትሪውን እንደ አንድ ዕቃ ከማየት ነው፤ በብርድ አገር ግን ባትሪው ሁልጊዜ መሞቅ፣ ካሜራው ደግሞ አንዴ ከቀዘቀዘ እንደቀዘቀዘ መቆየት አለበት።

በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሸከሙት ቅንጣቶች በብርድ ጊዜ እንቅስቃሴያቸው ስለሚዘገይ፣ ባትሪው ኃይል እያለው ካሜራው በሚፈልገው ፍጥነት ሊሰጥ ያቅተዋል፤ ካሜራውም ያለቀ መስሎት ይዘጋል። ስለዚህ አለቀ የተባለውን ባትሪ ሩብ ሰዓት ያህል ብብትዎ ሥር አሙቀው ቢመልሱት ብዙውን ጊዜ እንደገና ይሠራል። ቢያንስ ሦስት ባትሪ ይያዙ፤ አንዱ ካሜራው ውስጥ ሲሆን፣ ሁለቱን በካልሲ ጠቅልለው ከሹራብዎ ሥር ባለው የደረት ኪስ ያኑሯቸው፣ በየተራም ይቀያይሯቸው። ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ግን አንድ ኪስ ውስጥ አይክተቷቸው፣ ብረት ጫፎቻቸውን ሊያገናኝ ይችላልና። ማታ ሁሉንም፣ በካሜራው ውስጥ ያለውን ጭምር አውጥተው፣ ከስልክዎና ከፓወር ባንኩ ጋር በመኝታ ከረጢትዎ እግርጌ ይዘዋቸው ይተኙ። እስከ ጎንደር በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይያዛል እንጂ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት በአየር ጉዞ ደንብ የተከለከለ ነው።

በካምፖቹ የመብራት ሶኬት እንደማያገኙ ቆጥረው ደባርቅ ሳሉ ሁሉንም ሞልተው ይውጡ። በመንገድ ላይ በፓወር ባንክ ወይም በፀሐይ ኃይል መሙያ ሲሞሉ፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ባትሪን በፍጹም ቻርጅ አያድርጉ፤ በዚያ ሁኔታ ሲሞላ ሊቲየሙ በውስጡ እንደ ብረት እየተጋገረ ባትሪውን ለዘለቄታው ያበላሸዋል። ዋይፋዩንና ጂፒኤሱን ማጥፋት፣ ያነሡትንም ፎቶ በየደቂቃው እየከፈቱ አለማየት የኃይል ፍጆታን ይቀንሳል፤ የኋለኛው ግን ለእኔም ከባድ ነው።

የካሜራው ጉዳይ የእርጥበት ጉዳይ ነው። የቀዘቀዘ ብረትና መስተዋት ሞቃትና እርጥብ አየር ሲነካው ውኃው ላዩ ላይ ብቻ ሳይሆን ሌንሱ ውስጥም ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። ወደ ጎጆ ወይም ወደ ሎጅ ከመግባትዎ በፊት፣ ገና ውጭ ብርዱ ላይ ሳሉ፣ ካሜራውን አፉ በደንብ በሚዘጋ ፌስታል ውስጥ አስገብተው አየሩን ያስወጡና ይቋጥሩት፤ ጤዛው በፌስታሉ ላይ ይቀራል። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ሳይከፍቱ ይጠብቁ። ፎቶዎቹን ቶሎ ማየት የሚያጓጓዎ ከሆነ ሜሞሪ ካርዱን ሳይቋጥሩት አስቀድመው ያውጡ። ሌንሱን ለማጽዳት በትንፋሽ እፍ ማለትም በብርድ ጊዜ መስተዋቱ ላይ ውርጭ ያለብሳል፤ የሚሻለው የጎማ መንፊያ ወይም ለስላሳ ብሩሽ ነው። በቅሎዎች በሚያልፉበት ደረቅ መንገድ ላይ ሌንስ አይቀይሩ።

ፎቶዎቹን በየምሽቱ ወደ ሐርድ ዲስክ ለሚገለብጡ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የሚሽከረከር ሳሕን ያለው የድሮው ዓይነት ሐርድ ዲስክ፣ አንባቢ ጫፉ በሳሕኑ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ሳሕኑን ሊነካ ይችላል። ብዙዎቹ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ብቻ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው፤ ሳንቃ በር ደግሞ 3,250 ሜትር ነው። ትርፍ ካርድ ወይም የሚሽከረከር ሳሕን የሌለውን ኤስኤስዲ ይያዙ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን በገደሉ ፊት ላይ አድረው፣ ፀሐዩ ሲሞቅ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር ይነጫሉ። ፀሐይ ከበስተኋላቸው ስትሆን የወንዱ ጎፈር ዳር ዳሩ ወርቅ ይመስላል፤ ፊቱና በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ግን ይጨልማል። ጉም ከገደሉ ሥር ሲወጣም ካሜራው ነጩን ሁሉ ግራጫ ሊያደርግ ስለሚሞክር እንስሳው ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በሁለቱም ጊዜ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭነው ብርሃኑን ወደ መደመሩ አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ። ነጸብራቅን የሚቀንሰው ፖላራይዘር ማጣሪያ በዚህ ከፍታ ሰፊ ቦታ በሚያሳይ ሌንስ ላይ ሲገባ ሰማዩን ግማሹን ጥቁር፣ ግማሹን ፈዛዛ ስለሚያደርገው እኔ ቦርሳዬ ውስጥ እተወዋለሁ።

ከጨነቅ ወደ ቧሂት፣ 4,430 ሜትር ወዳለው ጫፍ ሲወጡ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከ60 በመቶ በታች ይወርዳል። ከዳገቱ ላይ ዋልያ ታየ ተብሎ ስካውቱ (አብሮ የሚሄደው የፓርክ ጠባቂ) በጣቱ ሲጠቁም እያለከለኩ ረጅም ሌንስ ማንሣት የደበዘዘ ፎቶ ያተርፋል፤ ደረትዎ ከፍ ዝቅ ሲል ሌንሱም አብሮ ይላልና። ይቀመጡ፤ ክርንዎን በጉልበትዎ ላይ ያስደግፉ፤ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት (ሹተር ስፒድ) ከ1/500 ሰከንድ እንዳይዘገይ አድርገው ያስተካክሉ፤ ከዚያ ትንፋሽዎ እስኪሰበሰብ ድረስ ሞቃቱን ባትሪ ከደረት ኪስዎ አውጥተው ይቀይሩ። ካልተጠጉት ዋልያው ብዙውን ጊዜ ሣሩን እየጋጠ ይጠብቅዎታል።