ኮፐንሃገን ድልድይ ላይ የወለቀው ካቴና

ኮፐንሃገንን ብቻዬን በኪራይ ብስክሌት ስዞር የንግሥት ሉዊዝ ድልድይ ላይ የብስክሌቱ ካቴና (ሰንሰለት) ወለቀ። የኋላ ፍሬኑ ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዝ ዓይነት ስለነበር እሱም አብሮ ጠፋ፤ በጣም ደነገጥኩ። ዴንማርክ ውስጥ ለመቆም የፈለገ ብስክሌተኛ እጁን ከፍ አድርጎ ከኋላው ለሚመጣው ያሳውቃል። እኔም እጄን አንስቼ በፊተኛው ፍሬን ቆምኩና ወደ እግረኛው መንገድ ወጣሁ።

ብስክሌቱን ገልብጬ ካቴናውን መጀመሪያ ከኋላው ጥርስ ላይ፣ ቀጥሎ ከፊተኛው አስይዤ ፔዳሉን በእጄ ሳዞረው ገባ። መቶ ሜትር ሳልሄድ ግን ደግሞ ወለቀ። ጎንበስ ብዬ ሳየው የኋላው ጎማ ዳዶዎች ላልተው ጎማው ወደ ፊት ሸርተት ብሏል፤ ካቴናው የረገበው ለዚህ ነው። አንድ መንገደኛ የ15 ሚሊ ሜትር የዳዶ መፍቻ ቁልፍ አዋሰኝ፣ እግዜር ይስጠው። ጎማውን ወደ ኋላ ስቤ፣ መሃል መሆኑን አይቼ፣ ዳዶዎቹን ግራና ቀኝ እያፈራረቅኩ አጠበቅኩ። አሁን ካቴናው በጣት ሲነካ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይላወሳል። እስከ ኒሃውን ወደብ ድረስ ድምፅ እንኳ አላሰማም።