ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ሳይት ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ የኖረ ሰው ዳቦ ሲያልቅበት በነጠላ ጫማ ወጥቶ ገዝቶ ይመለሳል። ወፍጮው፣ ክሊኒኩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ የታክሲው መነሻ ሁሉም በእግር ይደረሳል። ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ገላን ጉራ የገባ ሰው ግን ያንኑ ኑሮ በቀንና በሰዓት ደልድሎ ካልያዘው ገንዘቡም ጉልበቱም መንገድ ላይ ያልቃል። በኮሪደር ልማት ምክንያት ከመሀል ከተማ የተነሱትም፣ የቤት ኪራይ ከብዷቸው ወደ ዳር የወጡትም፣ የኮንዶሚኒየም እጣ ደርሷቸው የገቡትም የሚቸገሩት በተመሳሳይ ነገሮች ነው። አብዛኞቹ ደግሞ ቀድሞ ላወቃቸው ሰው ችግር አይሆኑም።

ቤቱን እሁድ አይቶ መወሰን

እሁድ ረፋዱ ላይ መንገዱ ክፍት ነው፣ ታክሲው ተሳፋሪ ይለምናል፣ ሳይቱም ጸጥ ያለ ነው። ደላሎች ቤት ማሳየት የሚወዱትም ያኔ ነው። ቤቱን ከወደዱት ቁልፍ ከመቀበልዎ በፊት ሰኞ ጠዋት 12፡30 ላይ ከብሎኩ በር ተነስተው ሥራ ቦታዎ ድረስ ይሂዱ፤ ማታ 11፡30 ላይ ደግሞ በዚያው መንገድ ይመለሱ። የሄዱበትን፣ በሰልፍ የቆሙበትንና በእግር የተጓዙበትን ሰዓት ለየብቻ ይጻፉ። ብዙ ጊዜ የሚያደክመው ርቀቱ ሳይሆን ሰልፉ ነው።

ሂሳቡንም እንዲህ ይሥሩ፦ አንድ ጉዞ የሚጠይቀው የታክሲ ብዛት፣ በየታክሲው ታሪፍ፣ በሁለት (መሄጃና መመለሻ)፣ በወር የሥራ ቀናት፣ በተጓዥ የቤተሰብ አባላት ቁጥር ያባዙት። ከአስፋልቱ እስከ ብሎኩ የሚያደርሰውን ባጃጅ አይርሱት፤ በዝናብና በምሽት ግድ ይሆናል። ይህን ሳይደምሩ «ኪራዩ በግማሽ ቀነሰ» ብለው የሚወጡ ሰዎች በሁለተኛው ወር የተረፋቸውን ብር ፈልገው ያጡታል።

ሚኒባስ ሕጋዊ ጭነቱ 12 ሰው ነው። ማታ ከመነሻው ሞልቶ ስለሚወጣ መሀል ፌርማታ ላይ የሚጠብቅ ሰው ባዶ ወንበር አያገኝም። ከዚህ ይልቅ አንድ ወይም ሁለት ፌርማታ ወደ ኋላ ተመልሶ መነሻው ላይ መሰለፍ ቶሎ ያደርሳል። በአያት አቅጣጫ ለሚኖር ሰው የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ መጨረሻ አያት መሆኑ ይጠቅማል፤ የመጨረሻውን ግማሽ ብቻ በታክሲ ይጨርሳል። ሦስት ታክሲ ከሚቀያይሩበት መንገድ ይልቅ፣ ታሪፉ ቢበልጥ እንኳ፣ አንድ ረጅም አውቶቡስ ያለበትን ይምረጡ። እያንዳንዱ መቀያየር አዲስ ሰልፍ ነው።

የመሀል ከተማውን ዕቃ ሳይለኩ መጫን

ትልቁ ቡፌ፣ ኤል ቅርጽ ያለው ሶፋና አንድ ወጥ የሆነ አልጋ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ይቆማሉ። የሚለካው የበሩ ስፋት ብቻ አይደለም። ደረጃው የሚታጠፍበትን ቦታ ስፋት፣ የጣሪያውን ከፍታና የዕቃውን ሰያፍ ርዝመት ይለኩ። የማይፈታ ዕቃ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ በገመድ ሲሳብ ግድግዳውን ይፍቃል፣ መስታወት ይሰብራል፣ ከታች ለቆመ ሰውም አደጋ ነው።

ውሃን እንደ ድሮው መጠበቅ

ብዙ ጊዜ የሚወስደው፣ ብዙ ጠብ የሚያስነሳውና ብዙ ስህተት የሚሠራበት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው።

በብዙ ሳይቶች ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ምድር ቤት ውሃ እየፈሰሰ አራተኛ ፎቅ የማይደርስበት ምክንያት የጎረቤት ክፋት አይደለም። ውሃን 10 ሜትር ወደ ላይ ለመግፋት 1 ባር ግፊት ያስፈልጋል። አራተኛ ፎቅ ከመሬት 12 ሜትር ያህል ስለሚርቅ መስመሩ ውስጥ ከ1.2 ባር በላይ ካልቀረ ቧንቧው ይንጣጣል እንጂ አይፈስም። ቀን ሁሉም ሲከፍት ግፊቱ ይወድቃል፤ ሌሊት ሰው ሲተኛ ይነሳል። ስለዚህ ላይኛው ፎቅ የሚኖር ሰው ከሌሊቱ 6 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ መቅዳትን ይልመድ፤ ወይም በርሜሉ ላይ ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ያስገጥም። ቧንቧ ከፍቶ መተኛት የታችኛውን ቤት ኮርኒስ ያጠፋል።

መጠኑን ለማወቅ፦ በቁጠባ የሚኖር ሰው ለምግብ፣ ለእጥበትና ለሽንት ቤት ቢያንስ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በቀን ይጨርሳል። ሽንት ቤቱን አንዴ መልቀቅ ብቻ ከ6 እስከ 9 ሊትር ይወስዳል። አራት ሰው ለአምስት ደረቅ ቀን 400 ሊትር ያስፈልገዋል፤ የልብስ እጥበት ለብቻው ነው። የገቡበት ሳይት ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ከደላላው ሳይሆን በላይኛው ፎቅ ከሚኖሩ ሰዎች ይጠይቁ፤ ከዚያ የአንድ ቀኑን ፍጆታ በዚያ ቀን ቁጥር ያባዙ።

አሁን ወደ ከባዱ ስህተት እንምጣ። ውሃ የጠማው ሰው 1,000 ሊትር ሮቶ ገዝቶ በረንዳ ላይ ያስቀምጣል። 1,000 ሊትር ውሃ 1,000 ኪሎ ነው፤ ያውም አንድ ካሬ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ የሚያርፍ። የመኖሪያ ክፍል ወለል በዲዛይን የሚታሰብለት ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ አካባቢ ሲሆን በረንዳ ከዚህ እጥፍ ቢሰጠው ነው። ስለዚህ ሮቶው ከሚፈቀደው ከሁለት እጥፍ በላይ ይጭናል። ወለሉ ዛሬ ባይሰነጠቅ እንኳ በረንዳው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቀጭን ስንጥቅ ሲያዩ ወዲያውኑ ያጉድሉት። ትክክለኛው መንገድ ትልቁን ታንከር በማኅበር ምድር ላይ፣ በተደለደለ መሠረት ላይ አስቀምጦ በፓምፕ ወደ ላይ መግፋት ነው። ብቻዎን ከሆኑ ጀሪካኖችንና ትንንሽ በርሜሎችን በየክፍሉ በግድግዳ ጥግ ለያይተው ያስቀምጡ።

ፓምፕ በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ላይ መግጠምም ይቅር። ፓምፑ ሲስብ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል። ያን ጊዜ በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል ጭቃና ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያንን የሚጠጡት የእርስዎና የጎረቤት ልጆች ናቸው። ፓምፕ መሳብ ያለበት ከታንከር ብቻ ነው።

ከሦስት ቀን በላይ የቆየ ውሃ ለመጠጥ ከሆነ ያፍሉት፣ ወይም ከፋርማሲ የሚገዛውን ውሃ አጋር በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። መስመር ሲሰበር በ906 ያስመዝግቡና የተመዘገበበትን ቁጥር ይያዙ።

ምጣዱን ማከፋፈያ ላይ መሰካት

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ከገበያ የሚገዛ ማከፋፈያ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ይህን አይችልም። መጀመሪያ ሶኬቱ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይሸታል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ምጣድ ከሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። ብሬከሩ ደጋግሞ ቢወድቅ በትልቅ መቀየር መፍትሔ አይደለም፤ ሽቦውን የሚጠብቀውን ነገር ማንሳት ነው።

እንጀራው ዓይን እንቢ ካለም ሊጡን ብቻ አይውቀሱ። ሙቀቱ የሚወሰነው በቮልቱ ካሬ ስለሆነ 220 የነበረው 190 ሲሆን ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ቤት ሲያበራ የሚሆነው ይህ ነው። ጠዋት ማልደው ወይም ከሰዓት ይጋግሩ።

ኪራይ ሲገቡ ቆጣሪው ካርድ ከሆነ ካርዱን ይረከቡ፣ በበዓል ዋዜማ ሳይሆን ቀደም ብለው ይሙሉ። የድኅረ ክፍያ ከሆነ የቀድሞው ተከራይ ዕዳ እንደሌለበት ሳያረጋግጡ አይግቡ፤ መብራት የሚቆረጠው በቤቱ እንጂ በሰውዬው አይደለም።

ከሰልን ቤት ውስጥ ማሞቂያ ማድረግ

ሜዳ ላይ ያሉ ሳይቶች ከመሀል ከተማ ይልቅ ነፋስ ይበዛባቸዋል፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። መሀል ከተማ የነበረው የቆርቆሮና የጭቃ ቤት በየስንጥቁ አየር ያስገባ ነበር። የኮንዶሚኒየሙ ክፍል ግን ጠባብ ነው፣ መስኮቱም በደንብ ይገጥማል። «ከሰሉ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም» የሚለው አባባል ሰው ገድሏል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ቀልቶ ፍም በሆነ ከሰልም ይወጣል። ቡና ሲያፈሉ መስኮትና በረንዳ ይክፈቱ፣ ሲጨርሱ ማንደጃውን ወደ ውጭ ያውጡ። ማንደጃ ይዞ ተዘግቶ መተኛት በምንም ምክንያት አይሁን። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት በአንድ ቤት ባሉ ሰዎች ላይ በአንዴ ከታየ ሁሉንም ወደ አየር አውጥተው ወደ ሕክምና ይውሰዱ።

የጋራውን እንደ ግል መጠቀም

የግቢ ኑሮ የለመደ ሰው እጥበቱን ደጅ ይደፋል፣ በጉን በር ላይ ያርዳል። እዚህ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ የፍሳሽ ቱቦ ነው። ደም ሲረጋ፣ ሞራ ሲቀዘቅዝ፣ የሕፃን ዳይፐር ሲወረወር ቱቦው ይደፈናል፤ ፍሳሹም የሚወጣው በጣለው ሰው ቤት ሳይሆን በምድር ቤቱ ነዋሪ ሽንት ቤት ነው። እርድ፣ ትልቅ ድግስና ልብስ እጥበት ለዚሁ በተሠራው የጋራ መገልገያ ሕንፃ፣ ኮሚናል በሚባለው፣ ይሁን። ለበዓል ቁልፉን የያዘውን ሰው አስቀድመው ይጠይቁ።

ቤቱ የራስዎ ከሆነ ከማኅበሩ ስብሰባ አይቅሩ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃው፣ ጣሪያውና ኮሪደሩ የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት ነው። የጥበቃ፣ የጽዳትና የታንከር ውሳኔ የሚተላለፈው እዚያ ነው።

ወረቀቱን ለኋላ ማሳደር

ከለቀቁበት ወረዳ መሸኛ ሳይወስዱ አይውጡ። መሸኛ ከሌለ አዲሱ ወረዳ መታወቂያ አይሰጥም፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ ልጅ ማስመዝገቡም፣ ሸማቾች ሱቅ ስኳርና ዘይት መውሰዱም ይጓተታል። ተከራይ ከሆኑ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። «የስድስት ወር በቅድሚያ» የሚል አከራይ ሲገጥምዎ ይህንን ይጥቀሱ።

ልጅን በቀድሞው ትምህርት ቤት ማቆየት ፍቅር ይመስላል፤ ሕፃኑ ግን በጨለማ ተነስቶ በጨለማ ይመለሳል። ማዛወር ካለብዎ በክረምት ያድርጉት፤ ካርዱንና መልቀቂያውን ሰኔ ላይ ይውሰዱ። ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ መንግሥት ትምህርት ቤት ወንበር ማግኘት ይከብዳል።

አስቤዛን ሁሉ ከመርካቶ ማምጣት

ለጤፍ፣ ለበርበሬና ለዘይት በወር አንድ ጊዜ መሄድ ያዋጣል። ለሽንኩርትና ለቲማቲም ግን የትራንስፖርቱ ወጪ ትርፉን ይበላዋል፤ የእሁድ ገበያው ይሻላል። ክረምት ሳይገባ ቦቲ ጫማ ይግዙ፤ የአብዛኛው ሳይት መሬት መረሬ ስለሆነ ሲረጥብ ጫማ ይነጥቃል።

አድራሻን አለማወቅ

«ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ» ማለት ለአምቡላንስ ሹፌር አይበቃም። መቶዎቹ ብሎኮች አንድ ዓይነት ቀለም ናቸው። የሳይቱን ስም፣ የፕሮጀክቱን ቁጥር፣ ብሎክ፣ ፎቅና የቤት ቁጥር፣ እንዲሁም ከአስፋልት የሚገባበትን መታጠፊያ በትልቁ ጽፈው በሩ ጀርባ ይለጥፉ። ከሥሩ 939 (እሳትና ድንገተኛ አደጋ)፣ 907 (ቀይ መስቀል አምቡላንስ)፣ 991 (ፖሊስ) ይጻፉ። ልጆችና የቤት ሠራተኛዋ ጮክ ብለው ያንብቡት። ሲደውሉ አንድ ሰው ወደ መታጠፊያው ወርዶ መኪናውን ይጠብቅ፤ ማታ ከሆነ የስልኩን መብራት ያብራ።

ከድሮው እድር መውጣት፣ ወደ አዲሱ አለመግባት

ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች እዚህ ይገናኛሉ። አንዱ «ርቄያለሁ» ብሎ ለዓመታት የከፈለበትን እድር ይተዋል። ሌላው ደግሞ የድሮውን ይዞ በአዲሱ ሰፈር ማንንም ሳያውቅ ይከርማል። ሞት ሲመጣ ግን ድንኳኑና ወንበሩ ካዛንቺስ ነው፣ ለቀስተኛው ኮዬ ፈጬ ነው። መኪና ተከራይቶ ዕቃውን የሚያመጣ፣ በብሎኮቹ መሀል ድንኳን የሚተክል፣ ሌሊቱን ውሃ የሚቀዳ ሰው በአጠገብ ያስፈልጋል። አስከሬን ከአራተኛ ፎቅ በጠባቡ ደረጃ ሲወርድ መታጠፊያው ላይ ሳጥኑን ቀጥ አድርጎ የሚያዞሩ ቢያንስ ስድስት ጠንካራ ሰዎች ይፈለጋሉ፤ እነሱ የሚመጡት ከዚያው ብሎክ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሁለቱንም ይክፈሉ። ወደ አዲሱ ሲገቡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መግቢያው ስንት ነው፣ ከተመዘገቡ በኋላ ስንት ወር ሳይቆዩ ክፍያ አይገኝም፣ ወላጅና የትዳር ጓደኛ ወላጅ ይካተታሉ ወይ። በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ በፎቅዎ ያሉትን ሦስቱንም በሮች አንኳኩተው «ቡና ኑ» ይበሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል፤ በሥራ ቀን ሁሉም ሰልፍ ላይ ነው።