ሂና አቦካክ፣ እና «ጥቁር ሂና» ቆዳን ለምን ይጎዳል?

50 ግራም ንጹህ የሂና ዱቄት በደቃቅ ወንፊት ንፉ፤ ያልተነፋ የቅጠል ቅንጣት የመሳያውን ጫፍ ይደፍናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጨምሩና የሎሚ ጭማቂ ጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሳችሁ እንደ እርጎ እስኪሆን ለውሱ፤ ከ125 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ስኳሩ ሊጡ ቶሎ ደርቆ እንዳይረግፍ ይይዘዋል። ሸፍናችሁ ሞቅ ባለ ቦታ ከ8 እስከ 12 ሰዓት አቆዩት፤ ሎሶን የተባለው ቀለም የሚለቀቀው ያኔ ነው። (እንሶስላ ሌላ ተክል ነው፣ ቀለሙም ከሥሩ ይወጣል፤ ይህ ልኬት ለእሱ አይሠራም።)

ታጥቦ በደረቀ፣ ቅባት በሌለው ቆዳ ላይ ሳሉ። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ይፈቅፈቅ እንጂ አይታጠብ፤ ለ24 ሰዓት ውሃ ባይነካው ይሻላል። መጀመሪያ ብርቱካናማ ቢሆን አትደንግጡ፣ በ2 ቀን ውስጥ ወደ ቀይ ቡናማ ይጠልቃል። መዳፍ ላይ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ይደምቃል፣ ክንድ ላይ ይፈዛል።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቁር የሚያደርግ ሊጥ ግን ንጹህ ሂና አይደለም። ብዙ ጊዜ ፓራፌኒሊንዲያሚን የተባለው የጸጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ተጨምሮበታል። ከቀናት በኋላ ያሳክካል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ የሥዕሉን ቅርጽ የያዘ ጠባሳም ሊተው ይችላል። ሰውነት አንዴ ከተቆጣ ከዓመታት በኋላ የጸጉር ቀለም እንኳ ፊትን ሊያሳብጥ ይችላል። ስለዚህ ቀቢዋን ምን እንደጨመረችበት ሳትጠይቁ እጃችሁን አትስጡ። ካሳከከ ወዲያው ታጥባችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ለጨቅላ ሕፃን ንጹሁንም አትቀቡ፤ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ካነሰው ቀይ የደም ሴሎቹን ሊያፈርስ ይችላል።