ነዳጅ ወንዝ ሲገባ፦ ሞዴል ስንሠራ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ወንዝ ውስጥ የፈሰሰ ነዳጅ የት እንደሚደርስና ምን እንደሚሆን በስሌት የሚተነብይ ሞዴል ስንሠራ፣ የመጀመሪያው ስህተት ሁሉንም «ዘይት» ብሎ አንድ ቁጥር መስጠት ነው። ድፍድፍ ነዳጅ የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው። ቤንዚን (የመኪናውን ሳይሆን ኬሚካሉን ማለቴ ነው) በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ወደ 1.8 ግራም ይሟሟል። ፌናንትሪን የሚባለው ሌላው የድፍድፍ ክፍል ግን 1 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። አንዱ ቶሎ ይተናል፣ ሌላው ደለል ላይ ይለጠፋል። ቢያንስ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብላችሁ ለዩዋቸው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን «ዘይት ይንሳፈፋል» ብሎ የወንዙን ወለል መርሳት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2010 አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ አንድ የነዳጅ ቧንቧ ፈነዳ። ከ3 ሚሊዮን ሊትር በላይ ድፍድፍ በታልማጅ ጅረት አድርጎ ካላማዙ ወንዝ ገባ። ድፍድፉ እንደ ሬንጅ የወፈረ ስለነበር፣ በቧንቧ እንዲሄድ በቀላል ፈሳሽ ቀጥኖ ነበር። ማቅጠኛው ተነነ። የቀረው ከደለል ጋር ተደባልቆ ሰጠመ። ውሃው ላይ የተዘረጋው ተንሳፋፊ አጥር ምን ያድርገው? ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ የአሜሪካ መንግሥት የወንዙ ወለል ገና እንዲጠረግ እያዘዘ ነበር። ስለዚህ ሞዴላችሁ ውስጥ መስጠምም፣ ከደለል ጋር መጣበቅም፣ በጎርፍ ተቀስቅሶ እንደገና መነሳትም ይግቡ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የሰጠመው ዘይት እዚያው ይቀራል ማለት ግን አይደለም።

በአማካይ ፍሰት መሥራትም ያው ነው። ካላማዙ ያኔ በዝናብ ሞልቶ ስለነበር ዘይቱ ዳር ያለው ረግረግ ድረስ ወጣ። የእኛው አቃቂም ቢሆን ሐምሌና ጥር ላይ አንድ ወንዝ አይደለም። የዓመቱን አማካይ ብትወስዱ ሁለቱንም አታገኟቸውም።

ሌላው፣ ባክቴሪያ ዘይቱን የሚበላበትን ፍጥነት ከላብራቶሪ ጠርሙስ መገልበጥ ነው። ጠርሙሱ ይሞቃል፣ ይናወጣል፣ አየር አይቸግረውም። 1 ግራም ሃይድሮካርቦን ሙሉ በሙሉ እንዲበላ ግን 3 ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል። ፍሳሽ የገባበት ወንዝ ይህን ከየት ያመጣል? ወለሉ ላይ ያለው ጭቃማ ጭራሽ የለውም። ለውሃውና ለጭቃው የተለያየ ፍጥነት ስጡ፤ ከሙቀቱም ጋር አስተካክሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞዴሉን ያስተካከላችሁበትን መረጃ መልሳችሁ መፈተኛ አታድርጉት። በበጋው ልኬት ካስተካከላችሁ፣ በክረምቱ ፈትኑት።