ስክሪን ላይ ያማረ ፎቶ ታጥቦ ሲመጣ ለምን ይበላሻል?

ካሜራው ላይ ሲታይ ጥርት ያለ ነበር። ታጥቦ ሲመጣ ግን ወይ ደብዝዟል፣ ወይ ጠቁሯል፣ ወይ ዳር የቆመው ሰው ግማሽ ሆኗል። ይሄኔ ሁሉም ፕሪንተሩን ይራገማል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሉን እዩት።

ፎቶው ደበዘዘ ወይም ጠርዙ ተሸራረፈ

ፋይሉ ትንሽ ሳይሆን አይቀርም። ኮምፒውተር ላይ ፕሮፐርቲስ (የፋይሉን ዝርዝር መረጃ) ከፍታችሁ የፒክስሉን፣ ማለትም ፎቶው የተሠራባቸውን ጥቃቅን ነጥቦች፣ ቁጥር ተመልከቱ። ለጥሩ ህትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይበቃል። የተለመደው 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ ታዲያ 1200 በ1800 ገደማ ይፈልጋል፤ 20 በ30 ደግሞ 2400 በ3600፣ ይህም 9 ሜጋፒክስል (9 ሚሊዮን ፒክስል) እንኳን አይሞላም። እና 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ያነሳው እንዴት ይደበዝዛል? መንገድ ላይ አንሶ ነዋ! በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ እንደ ፎቶ ስትልኩት ይጨመቃል፣ የተቀበለው ሰው ደግሞ ያንኑ አንሶ የመጣውን ያሳጥባል። እንደ ፋይል ላኩት፣ ወይም ሚሞሪውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ያነሰውን ፎቶ በሶፍትዌር መለጠጥ ብዙም አይረዳም፣ የጠፋው ዝርዝር አይመለስም።

ፋይሉ ትልቅ ሆኖም ከደበዘዘ ኮምፒውተር ላይ መቶ በመቶ አጉሉትና የሰውየውን ሽፋሽፍት እዩ። ሽፋሽፍቱ ካልተለየ ፎከሱ ስቷል ወይም እጅ ተንቀጥቅጧል። የካሜራ ስክሪን ትንሽ ስለሆነ ይሄን ይደብቃል። ፋይሉ ላይ 72 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 72 ነጥብ) የሚል ብታዩ ግን አትደንግጡ፤ ዋናው የፒክስሉ ብዛት ነው።

ፎቶው ጠቆረ

ስክሪን የራሱ ብርሃን አለው፣ ወረቀት የለውም። ስክሪናችሁን እስከ ጥግ አብርታችሁ ፎቶ ስታስተካክሉ ጨለማው ራሱ ብሩህ ይመስላችኋል። ብርሃኑን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጉትና እንደገና እዩ፤ ከጠቆረ ፎቶውን አብሩት። ብዙ ፎቶ የምታሳጥቡ ከሆነ መጀመሪያ አንዱን ብቻ አሳጥባችሁ ሞክሩ።

ጭንቅላት ተቆረጠ

ይሄ የቅርጽ ጉዳይ ነው። 10 በ15 ወረቀት 3 ለ2 ነው፣ የብዙ ትናንሽ ካሜራዎችና የስልክ ፎቶ ግን 4 ለ3። እንዲህ ያለ ፎቶ ርዝመቱ 15 ሲሆን ወርዱ 11.25 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። አንድ ከሩብ ሴንቲ ሜትር የሆነ ነገር መቀነስ አለበት፣ ማሽኑ ደግሞ የማንን ፀጉር እንደሚቆርጥ አይመርጥም። ቀድማችሁ ራሳችሁ ክሮፕ አድርጉት (ዳሩን በወረቀቱ ልክ ቁረጡት)፣ ወይም ነጭ ጠርዝ ቀርቶም ቢሆን ሙሉው እንዲገባ ንገሯቸው። የቡድን ፎቶ ስታነሱ ደግሞ ዙሪያውን ትንሽ ቦታ ተዉ።

ቀለሙ ሞተ ወይም መስመር መስመር ሆነ

ከለሩ ከፈዘዘ ካሜራው አዶቤ አርጂቢ (Adobe RGB) በሚባለው የቀለም ምርጫ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ወደተለመደው ኤስአርጂቢ (sRGB) ቀይሩት። የቤት ፕሪንተር ላይ መስመር ከወጣ ኖዝል ቼክ (የቀለም ቀዳዳዎቹን መፈተሻ ገጽ) አሠሩ፣ እዚያ ላይ መስመር ከጎደለ ሄድ ክሊኒንግ (የቀዳዳዎቹን ማጽጃ) አንዴ ወይም ሁለቴ አሠሩ። ደጋግማችሁ አታጽዱ፣ ቀለም ይጨርሳል። ቀለሙ ከተጨማለቀ ደግሞ ወረቀቱ ተገልብጦ ገብቶ ይሆናል፣ ወይም ፕሪንተሩ ላይ የተመረጠው የወረቀት ዓይነት ሌላ ነው።

ሚሞሪው ገባ፣ ፎቶ ግን የለም

ምናልባት «ሮ» (RAW) በሚባለው ጥሬ የፋይል ዓይነት ነው የተነሳው። ብዙ የፎቶ ማተሚያ ማሽን የሚያነበው ጄፔግ (JPEG) የሚባለውን የተለመደ የፎቶ ፋይል ነው፣ ስለዚህ ቀይራችሁ ውሰዱ፣ ወይም ካሜራውን ሮና ጄፔግ አንድ ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጉት። 64 ጊጋ ሚሞሪ ደግሞ አሮጌ ማንበቢያ ላይ ላይከፈት ይችላል፤ ያኔ ማንበቢያውን ቀይሩ። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀ ግን እንቢ በሉት።