ተጎትቶ አልነሳ ያለ አሮጌ ትራክተር፦ ችግሩና መፍትሄው

አሮጌ የናፍጣ ትራክተር በሰንሰለት ተጎትቶ አልነሳ ሲል መጀመሪያ የኋላ ጎማዎቹን እዩ። ችግሩ የት እንዳለ ቀድመው የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

አንዱ ጎማ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይዞራል

ይህን ያየ ብዙ ሰው «ዲፈረንሻሉ (ኃይልን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) ተሰብሯል» ብሎ ለመፍታት ይነሳል። አትፍቱት፤ እንዲህ የሚያደርገው ጤነኛ ዲፈረንሻል ነው። የኮሮናው (ዲፈረንሻሉ ውስጥ በማርሹ በኩል ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ትልቁ ጥርስ) ፍጥነት ምንጊዜም የሁለቱ ጎማዎች ፍጥነት አማካይ ነው። አንዱ ወደ ፊት በዞረበት ልክ ሌላው ወደ ኋላ ከዞረ አማካዩ 0 ነው፤ ኮሮናው ቆሟል፣ ሞተሩም አልተነቃነቀም። ዲፈረንሻል ኃይልን ለሁለቱ እኩል ስለሚያካፍል፣ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ከሆነ ደረቅ መሬት የያዘውም ከእሱ የበለጠ ሊያግዝ አይችልም።

ትራክተሩን ወደ ደረቅና ጠንካራ መሬት አውጡት። ዲፈረንሻል ሎክ (ሁለቱ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚቆልፍ) ካለው ፍሪሲዮኑን ከመልቀቃችሁ በፊት አስገቡት፤ ሎኩ እንደገባ ግን በቀጥታ መስመር ብቻ ይጎተት። ሎክ ከሌለው፣ ፍሬኖቹ ለየብቻ የሚረገጡ ከሆነ፣ ወደ ኋላ የሚዞረውን ጎማ ፍሬን ቀስ አድርጋችሁ ያዙ። ያ ጎማ ሲቆም ኮሮናው በሌላኛው ግማሽ ፍጥነት መዞር ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል።

ሁለቱም ጎማዎች ሳይዞሩ ይንሸራተታሉ

ማርሹ ዝቅተኛ ነው። ከፍ ያለ ማርሽ አስገቡ፣ በእግር መንገድ ፍጥነት ሲሄድ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ልቀቁ። አሁንም ከተንሸራተተ መጎተቱን አቁሙ። ሞተሩ ነክሶ ወይም ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ አይታመቅም፣ በግድ ሲጎተት ቢየላ (የፒስተኑን ዘንግ) ያጣምማል። ኢንጀክተሮቹን (ናፍጣ የሚረጩትን) አውጥታችሁ ሞተሩን በእጅ አዙሩት።

ጎማዎቹ ይዞራሉ፣ ሞተሩ አይዞርም

ወይ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል፣ ወይ የከፍተኛና ዝቅተኛ ፍጥነት መለወጫው ዜሮ ላይ ቀርቷል። መለወጫውን አስቀድማችሁ እዩ።

ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም

ጭስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም፦ የሞተሩ ማጥፊያ ተስቦ ቀርቷል ወይም መስመሩ አየር ይዟል፤ አየሩን አስወጡ። ነጭ ጭስ ካለ ናፍጣው ይረጫል፣ ግን አይቃጠልም፤ ትንሽ ርቀት ጨምራችሁ ጎትቱት።

ሰንሰለቱ ረዘም ይበል፣ ከፊት ዝቅ ካለ ቦታ ይታሰር፣ አጠገቡም ሰው አይቁም። ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፤ ካልሆነ የሚጎትተውን ትራክተር ከኋላ ይገጨዋል።